የፕላስቲክ ፍሬም ማዕዘን በምን ይጣበቃል? (የውይይቱ ክር እስከ መልስ 23)

ሰላም ለሁላችሁ። የእጅ ሥራ እወዳለሁ እንጂ ባለሙያ አይደለሁም። እህቴ ዘንድሮ ተመረቀች። 60 በ90 ሴንቲ የሆነውን የምርቃት ፎቶዋን ራሴ ፍሬም ላስገባው ብዬ መርካቶ ወረድኩና ወርቃማ የፕላስቲክ ፍሬም ዘንግ ገዛሁ። ስፋቱ 5 ሴንቲ ነው። በሴጌቶ 45 ዲግሪ ቆረጥኩት። ማዕዘኖቹን በነጭ የእንጨት ኮላ ለጥፌ በቀጫጭን ሚስማር መታሁ። አንድ ቀን ሙሉ ሳልነካው ዋለ አደረ። ከዚያ 3 ሚሊ መስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት።

በአራተኛው ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ጓ! አለ። ተነስቼ ሳይ የታችኛው ግራ ማዕዘን ተላቋል። መስታወቱ ተንሸራቶ ሶፋው ላይ ዐርፏል። ደግነቱ አልተሰበረም። የገረመኝ ኮላው ነው። ፕላስቲኩን ጭራሽ አልያዘውም፣ እንደ ወተት ስልባቦት በጥፍር ተላጠ። ጥያቄዬ አጭር ነው፦ ይሄ ነገር በምንድን ነው የሚጣበቀው?

ከዚህ በታች ያለው የኔ ማጠቃለያ ነው። ክሩ 23 መልስ ደርሶ መሃል ላይ ጭቅጭቅ ስለገባበት፣ አዲስ የሚመጣ ሰው እንዳይንገላታ በየቁጥሩ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ጽፌዋለሁ። አልፎ አልፎ የኔም አስተያየት ጣልቃ ይገባል፣ ይቅርታ።

መልስ 1። መጀመሪያ እህቴን እንኳን ደስ ያለሽ በልልኝ አለ። ከዚያ ሱፐር ግሉ ተጠቀም ብሎ ሄደ። ሁለት መስመር ነው፣ ተመልሶም አልመጣም።

መልስ 2። ሱፐር ግሉ ይይዛል፣ ግን ሁለት ጣጣ አለው ይላል። አንደኛ፣ ማዕዘኑን ሳታስተካክለው ይደርቅብሃል። የተንጋደደው እንደተንጋደደ ይቀራል። ሁለተኛ፣ ሲደርቅ ደረቅና ተሰባሪ ስለሚሆን ድንገተኛ ምት አይወድም፣ በር በኃይል ሲዘጋ እንኳ ሊለቅ ይችላል። ክፍተት ካለ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ሱፐር ግሉ ጠብ ማድረግ ወዲያው እንደ ድንጋይ ያደርገዋል ብሎ ጨመረ። ይሄን በቁራጭ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ እውነቱን ነው። ግን ይሞቃል፣ ጣታችሁን አርቁ።

መልስ 3። የክሩ አባት ይሄ መልስ ነው። ጸሐፊው ፒያሳ ፍሬም ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እያልኩ ነው የመለስኩላቸው። አንተ እንጨት የምትለጥፍ መስሎህ ነው ያሉኝ። ነጭ ኮላ የሚሠራው ውሃው እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ፣ ሙጫው በእንጨቱ ቀዳዳዎች ገብቶ ሲደርቅ ነው። ፕላስቲኩ ግን ውሃ አይጠጣም። ሙጫው የሚገባበት አጥቶ ላዩ ላይ እንደ ቆዳ ደረቀ፣ በቃ። የፍሬም ዘንጉ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስታይሪን ነው። ከቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ነጭ ስታይሮፎም ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እንዲያውም ብዙው የሚሠራው ያገለገለ ስታይሮፎም ተሰብስቦ፣ ተፈጭቶና ቀልጦ ነው። ለዚህ የሚሆነው ሙጫ ፕላስቲኩን ራሱን የሚያሟሟ ነው። ሁለቱ ገጾች ትንሽ ይሟሙና ይቀላቀላሉ፣ ማሟሟቻው ሲተን አንድ አካል ሆነው ይቀራሉ። እሳቸው ከማጣበቅ ይልቅ ብየዳ በለው አሉኝ።

መጨረሻ ላይ ግን አንድ ነገር ጣል አድርገው ሄዱ። ኮላው የፈጸመው ጥፋት ሁለተኛ ነው፣ መጀመሪያ አቆራረጥህን እይ አሉ። እኔ ያኔ አልገባኝም ነበር።

መልስ 4። ፎቶ ለጥፍ አለኝ፣ ለጠፍኩ። ባልለጠፍኩት ብዬ የተመኘሁት ቀጥሎ ነው።

መልስ 5። ጂኦሜትሪ የሚወድ ሰው ነው። ምላሱም ስለታም ነው። ማዕዘኑ እንደተከፈተ አፍ ይታያል፣ በእጅ የተያዘ ሴጌቶ ደግሞ በግምት እንጂ በ45 ዲግሪ አይቆርጥም ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሒሳቡን አስቀመጠ። አንድ ፍሬም 8 ቁርጥ አለው። እያንዳንዱ ቁርጥ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት ድምሩ 4 ዲግሪ ነው። ሦስቱን ማዕዘን ጠጋ ጠጋ አድርገህ ብትገጥም ስህተቱ ሁሉ አራተኛው ላይ ይጠራቀማል። በ5 ሴንቲ ዘንግ ላይ የማዕዘኑ መስመር ወደ 7 ሴንቲ ይረዝማል፣ በዚያ ላይ 4 ዲግሪ ማለት ጫፉ ላይ 5 ሚሊ ክፍተት ነው። በኮላ የተሞላ የ5 ሚሊ ጉድጓድ መስታወት አይሸከምም አለ።

ተናድጄ ማስመሪያ አመጣሁ። 4 ሚሊ ነበር። ሴጌቶው ላይ ስናደድ አመሸሁ።

መልስ 6። አለሳልሶ ተቃወመ። የግድ 45 መሆን የለበትም፣ የሚገጣጠሙት ሁለት ቁርጦች ድምር 90 ከሆነ ይበቃል አለ። አንዱ 44 ሌላው 46 ቢሆን ማዕዘኑ ይገጥማል።

መልስ 7። መልስ 5 የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። ትክክል ነህ፣ ግን የሁለቱ ገጾች ርዝመት እኩል አይሆንም አለው። በ5 ሴንቲ ዘንግ ላይ 44 እና 46 ማለት 2 ሚሊ ተኩል ያህል ልዩነት ነው። የወርቁ ጌጥ መስመር ከመስመር አይገናኝም፣ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል። ሌላም ነገር አስታወሰን። ዲግሪው ፍጹም ቢሆን እንኳ ትይዩ የሆኑት ጎኖች እኩል ካልረዘሙ ፍሬሙ አይዘጋም። ስለዚህ ሁለቱን ረጃጅም ጎን ለጎን አስተኝቶ ጫፍ ለጫፍ ማስተያየት፣ ሁለቱን አጫጭርም እንዲሁ። ከተገጠመ በኋላ ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም መለካት ነው፣ እኩል ከመጡ ቀጥ ያለ ነው።

መልስ 8። ከዚህ ጀምሮ ነው አየሩ የተቀየረው። አናጺ ነኝ የሚል ሰው መጥቶ ፕላስቲክ ዕቃ አይባልም አለ። ዋንዛ ባለበት አገር የእህቱን ምርቃት በፕላስቲክ የሚያስገባ ሰው ማዕዘኑ ቢላቀቅበት ምን ይገርማል ሲል ጻፈ። ተከፋሁ፣ ዝም አልኩ።

መልስ 9። ዝም ያላለ ሌላ ሰው ነበር። አናጺውን የዋንዛ ዋጋ ጠይቀህ ታውቃለህ ወይ ብሎ አፋጠጠው። ፕላስቲክ ነቀዝ አይበላውም፣ ምስጥ አይነካውም፣ በክረምት እርጥበት አይጣመምም። ሥራህ ጥሩ ከሆነ ሥራህን አሳይ፣ ሰው አትሳደብ ብሎ ዘጋው። አናጺው ከዚያ በኋላ አንዴ ብቻ ብቅ ብሏል፣ እነግራችኋለሁ።

መልስ 10። ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት። እዚያ አራቱን ማዕዘን በአንዴ የሚጠብቅ ባለ ቀበቶ ማጥበቂያ ከዕቃ መደብር ገዝታ ትጠቀማለች። እዚህ ለሌላችሁ ደግሞ ያለችው ይበልጥ ጠቀመኝ። የብስክሌት ውስጠኛ ላስቲክ ቆርጣችሁ ፍሬሙን ዙሪያውን ወጥራችሁ እሰሩት፣ ማዕዘኖቹ ላይ ካርቶን አድርጉበት፣ ወርቁ እንዳይላጥ። ላስቲኩ ከአራቱም በኩል እኩል ይስባል። እኔ መጀመሪያ በእጄ ይዤ እስኪደርቅ ስጠብቅ ነበር፣ ሳቁብኝ።

መልስ 11። ወርክሾፕ ውስጥ በማሽን የሚቆርጥ ሰው ነው። የዚህ ፕላስቲክ ጠላት ሙቀት ነው አለ። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይለሰልሳል። መጋዙ በፍጥነት ሲሽከረከርና አንድ ቦታ ሲዘገይ ቁርጡን ያቀልጠዋል፣ ጠርዙ ላይ እንደ ማስቲካ ይንጠለጠላል። የቀለጠ ጠርዝ ደግሞ አይገጥምም። ጥርሱ ብዙ የሆነ ምላጭ አስገባ፣ አትቸኩል፣ መሃል ላይም አትቁም፣ ምላጩ መዞር ሳያቆም ወደ ላይ አታንሳ። በእጅ የሚቆርጥ ሰው ሙቀቱን አይፈራም፣ የሱ ችግር አቅጣጫ ነው። ባለ 45 ዲግሪ ስንጥቅ የእንጨት ሳጥን ይሥራ ወይም ይግዛ። ቁርጡን ለማስተካከል ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ለጥፎ፣ ስኳድራ (ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን ማስመሪያ) አስደግፎ ቀስ ብሎ ማሸት ነው። ወረቀቱን በእጅ ይዞ ማሸት ጠርዙን ያዶለዱማል። ይሄን ያደረግኩ ሰው ነኝ፣ ተው ተብያለሁ።

አንድ ማስጠንቀቂያም ሰጠኝ። እንደገና ስትቆርጥ ፍሬምህ ይጠባል፣ አስብበት አለ። አላሰብኩበትም።

መልስ 12። አንዲት ልጅ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን በቂ ነው አለች። ስታይሮፎም ውስጡ ጨምራችሁ አሟሙ፣ ሙጫ ይወጣችኋል።

መልስ 13። አራማት። ስታይሮፎሙ አሴቶን ውስጥ ሲገባ ሟሟ ብለሽ ታስቢያለሽ እንጂ በብዛት አየሩ ወጥቶ ነው የሚኮማተረው፣ የሚዝለገለግ ድድ ይሆናል እንጂ እንደ ሙጫ አይፈስም አላት። ቶሉዊን ያለበት የቀለም ቲነር የተሻለ ያሟሟል። ጥቂት ቲነር በብርጭቆ ጠርሙስ፣ ስታይሮፎሙን ቆራርሶ ማር እስኪመስል ድረስ ማማሰል። መጀመሪያ ግን ቁራጩ ጀርባ ላይ አንድ ጠብታ ቲነር አድርጋችሁ በጣት ንኩት። ከተጣበቀባችሁ ፖሊስታይሪን ነው፣ ይሠራል። ምንም ካልሆነ ሌላ ፕላስቲክ ነው፣ አትድከሙ። እሳት አጠገብ እንዳይሆን፣ መስኮት ይከፈት ብሎ በመጨረሻ አንድ መስመር ጨመረ።

መልስ 14። ያቺ አንድ መስመር አልበቃቻትም። ጸሐፊዋ እናት ናት፣ ወንድሟ ቀለም ቤት ሲሠራ የቲነሩ ሽታ ብቻ ራሱን እያዞረው ቤት ይመጣ ነበር። ልጆች ባሉበት ቤት፣ ከሰል በሚቀጣጠልበት ግቢ ቲነር በጠርሙስ ቅመሙ ተብሎ ይመከራል ወይ ብላ ተቆጣች። ጠርሙሱ ላይ ምን እንዳለ ካልተጻፈ ነገ ውሃ መስሎት የሚጠጣው ልጅ ነው አለች። ቁጣዋ በዛ ያለ ነበር፣ ነገሩ ግን ልክ ነው። እኔ በረንዳ ላይ ነው የሠራሁት፣ ጠርሙሱንም ጽፌበት ከቁም ሳጥን በላይ ነው ያስቀመጥኩት።

መልስ 15። የ13ቱ ሰው ተቀየመ። መስኮት ክፈቱ ብያለሁ፣ ማንበብ የማይችል ሰው መሳደብ ይችላል ማለት ነው አለ። ይሄን ባይለው ጥሩ ነበር።

መልስ 16። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ገብቶ አበረደው። ለምን ትጣላላችሁ፣ የፒቪሲ ቧንቧ ሙጫ እኮ ተዘጋጅቶ ይሸጣል፣ ይሄንንም ያሟሟዋል አለ። ግን የራሱን ጉድ አልደበቀም። አንዴ አብዝቶ ቀብቶ ተርፎ ወደ ፊት ፈሰሰና ወርቁን በላው። ወርቅ የምንለው ለካ በሙቀት የተጫነ ስስ ፊልም ነው። ሲጠርገው ይባሱን ነጭ ሆኖ ቀረ። የአክስቱ የሰርግ ፎቶ ነበር። እስከዛሬ ያን ጥግ በአርቴፊሻል አበባ ሸፍነው ይኖራሉ።

መልስ 17። ጋሼ ተመለሱ፣ እኛም ዝም አልን። ያሉትን ሳላጓድል ላስቀምጥ። ሙጫው ወደ ፊት እንዳይወጣ ከፊተኛው ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሽሽት አድርገህ ከኋላ በኩል ብቻ ቀባ። ስስ ይሁን፣ ብዙ ሙጫ ብዙ ጥንካሬ አይደለም። የፊቱን ገጽ ቀለም ቀቢዎች በሚጠቀሙበት የወረቀት ፕላስተር ሸፍነው። ከመለጠፍህ በፊት ደግሞ የቁርጡን የፊት ጠርዝ በወርቃማ ወይም በቡኒ ማርከር ኳል ኳል አድርገው። የዘንጉ ሆድ ነጭ ስለሆነ ፀጉር የምታህል ክፍተት እንኳ ካለች ነጭ መስመር ሆና ትታያለች። ኳል ካደረግከው ግን ዓይን ያልፈዋል። ፍሬም ቤት የተሠራና ቤት የተሠራ የሚለየው በዚህ ነው አሉ።

ቀጥለው ስለ ሚስማሩ አስረዱ። ክብ ሚስማር በጎን መምታት ለእንጨት ነው፣ እንጨት ጭረት አለው፣ ይነክሳል። ይሄ ፕላስቲክ ውስጡ የአየር አረፋ ነው፣ ሚስማሩ ቀዳዳ ይሠራል እንጂ አይያዝም፣ ጫፍ ላይ ከሆነም ይሰነጥቀዋል። ፍሬም ቤቶች በእግር የሚረገጥ ማሽን አላቸው። ቪ ቅርጽ ያለው የታጠፈ ብረት ከጀርባ በኩል መጋጠሚያው ላይ ይተክላል፣ ግማሹ አንዱ ዘንግ ውስጥ፣ ግማሹ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ሁለቱንም ወደ ራሱ ይስባል። ለ5 ሴንቲ ዘንግ ሁለት ቦታ ይበቃል፣ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ውጭ፣ የውጪው ግን ጫፉ ድረስ አይሂድ። ብረቱ ሙጫው እስኪደርቅ ይይዛል፣ ከዚያ በኋላ የሚሸከመው ሙጫው ነው።

በመጨረሻም አራቱን ማዕዘን ለአንድ ፍሬም ቤት ብትወስደው ማሽኑ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርስልሃል ብለው ፈገግታ ለጠፉ። ታዲያ 16 መልስ ምን ልንሠራ ጻፍን ብሎ የሳቀ ሰው ነበር። ቁጥር አልሰጠሁትም፣ ሳቅ ብቻ ነው።

መልስ 18። ስለ ክብደት ያሰበ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም እዚህ ነው የመጣው። 60 በ90 መስታወት በ3 ሚሊ ውፍረት 4 ኪሎ ግድም ይመዝናል፣ በ2 ሚሊ ቢሆን 2 ኪሎ ከ700 ነው። ይሄ ሁሉ የሚያርፈው የታችኛው ዘንግ ላይ ነው፣ ያንን ዘንግ የያዙት ደግሞ ሁለቱ የታች ማዕዘኖች ብቻ ናቸው። የለቀቀብህ የታችኛው መሆኑ አይግረምህ አለኝ። ምክሩ ቀጭን መስታወት፣ ከጀርባ ደግሞ አራቱንም ዘንግ የሚነካ 3 ሚሊ ኤም ዲ ኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ)። ጀርባው አራቱን ጎኖች አንድ ላይ ካሰረ ማዕዘኑ ብቻውን አይሸከምም። ማንጠልጠያውን ደግሞ የላይኛው ዘንግ ላይ ሳይሆን በሁለቱ ጎኖች ላይ፣ ከላይ አንድ ሦስተኛ ያህል ዝቅ አድርገህ አስረው አለ። የትንሿን ብሎን ቀዳዳ መጀመሪያ በቀጭን መብሻ ብሳ፣ በጉልበት ከገባች ትሰነጥቀዋለች።

ለኔ ጥቅሙ ከ3 እና ከ17 ቀጥሎ ይሄ ነው። ሙጫ ሙጫ ስንል ማንም ጀርባውን አላነሳም ነበር።

መልስ 19። መንገድ ሳተ፣ ግን ወደድኩት። ሴጌቶ፣ ስኳድራ፣ ሞርሳ፣ ስቱኮ፣ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው፣ አስቂኙ ግን ኮርኒስ ነው አለ። ጣሊያንኛው የሥዕል ፍሬምም ማለት ነው። እኛ ጋ ሲደርስ ጣሪያ ላይ ወጣ። ስለዚህ ጥያቄህ በጣሊያንኛ ቢሆን ኮርኒሴ ወደቀ ነበር የሚባለው።

መልስ 20። ለምን ክፈፍ አትሉም፣ አማርኛው እያለ ብሎ ሌላው ገሰጸን። መርካቶ ሄደህ ክፈፍ ስጠኝ በል፣ ምን እንደሚሰጡህ ንገረን ብለው ሁለት ሦስት ሰዎች አሾፉበት። እነዚህንም አልቆጠርኳቸውም።

መልስ 21። አናጺው ነው። ይቅርታ አልጠየቀም፣ ግን ለስለስ ብሎ ነው የመጣው። ቤቱ ያለው የእመቤታችን ሥዕል ለካ በወርቃማ የፕላስቲክ ፍሬም ነው፣ ባለቤቱ ገዝታ ያመጣችው፣ አሥር ዓመት ሆኖታል፣ ማዕዘኑ ንቅንቅ አላለም። ጀርባውን ገልብጦ ሲያየው ያ ቪ ብረት በየማዕዘኑ ሁለት ሁለት አለ። ዋንዛ ግን ዋንዛ ነው ብሎ ጨረሰ።

መልስ 22። እኔ ነኝ። ያደረግኩትን ልንገራችሁ። የእንጨት ሳጥን ሠራሁ፣ ከየጫፉ 1 ሴንቲ ቆርጬ የተበሳሳውንና ኮላ የደረቀበትን ጣልኩ። ጣውላ ላይ በለጠፍኩት ብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። ማርከር ኳልኩት። ቲነርና ስታይሮፎም በረንዳ ላይ ቀመምኩ፣ ከኋላ ስስ አድርጌ ቀባሁ፣ በብስክሌት ላስቲክ ወጥሬ አንድ ቀን ከግማሽ ተውኩት። ሰያፉን ለካሁ፣ 1 ሚሊ ተለያየ፣ ይሁን ብያለሁ። ከዚያ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ሰፈር ያለው ፍሬም ቤት ሄድኩና ቪ ብረቱን አስመታሁ። ልጁ ማዕዘኑን አገላብጦ አይቶ ማን ቆረጠው አለኝ። እኔ ስለው ምንም አላለም። እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

ከየጫፉ 1 ሴንቲ ማለት ግን እያንዳንዱ ጎን በ2 ሴንቲ አጠረ ማለት ነው። 60 በ90 የነበረው 58 በ88 ሆነ። ለነገሩ መስታወቱን ወደ 2 ሚሊ ስለቀየርኩት በአዲሱ ልክ አስቆረጥኩት። ፎቶውን ደግሞ ከላይ ልቁረጠው ብል የምርቃት ቆቡ አለ። ከታች ቆረጥኩት።

መልስ 23። መልስ 10 የጻፈችው የሜሪላንዷ እህት ናት። ከታች እኮ የምረቃው ዓመተ ምሕረት ይጻፋል፣ እሱስ ብላ ጠየቀችኝ።

ተቆርጧል። እናቴ እስካሁን አላየችም።